ሁለት ሥራ ለሚሠራ ደመወዝተኛ አንድ የጠራ የግብር ሒሳብ



ዛሬ በከተሞቻችን በአንድ ደመወዝ ቤት ማስተዳደር ለብዙዎች የማይቻል ሆኗል። ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው መምህር ማታ በግል ኮሌጅ ያስተምራል፤ ከሆስፒታል አዳር የወጣችው ነርስ በዕረፍት ቀኗ በግል ክሊኒክ ትሠራለች፤ የሒሳብ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት በኋላ የሌላ ድርጅት መዝገብ ይይዛል። ይህን የሚያደርጉት የቤት ኪራይና የአስቤዛ ወጪ ስላስገደዳቸው እንጂ ለመክበር አይደለም። ፓርቲያችን ስለ ግብር ሲናገር በቅድሚያ የሚያነሣው የእነዚህን ዜጎች ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የሥራ ግብርን በየወሩ ከደመወዝ ቆርጦ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚያስገባው ቀጣሪው ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 እስከ 2,000 ብር ያለውን የወር ገቢ ከግብር ነፃ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከ15 በመቶ ጀምሮ በየደረጃው እያስከፈለ፣ ከ14,000 ብር በሚበልጠው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ሕጉ የሚመለከተው ሠራተኛው በወሩ ያገኘውን የቅጥር ገቢ በሙሉ ነው። ቀጣሪው ግን የሚያየው ራሱ የከፈለውን ብቻ ነው። በመሆኑም ሁለት ቀጣሪዎች ለየብቻ ሲያሰሉ ነፃው 2,000 ብርና ዝቅተኞቹ መጣኔዎች ሁለት ጊዜ ይታሰባሉ።

በቁጥር እንመልከተው። አንድ መምህር ከቀን ሥራው 9,000 ብር፣ ከማታው 6,000 ብር ያገኛል እንበል። የመጀመሪያው ቀጣሪ 1,400 ብር፣ ሁለተኛው 700 ብር ይቆርጣሉ፤ ድምሩ 2,100 ብር ነው። ገቢው ተደምሮ በ15,000 ብር ሲሰላ ግን ግብሩ 3,200 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 1,100፣ በዓመት 13,200 ብር ነው። ይህም ከአንድ ወር የቀን ሥራ ደመወዙ በላይ ነው።

ይህ ልዩነት በሕግ ዓይን ያልተከፈለ ግብር ነው፤ በዘገየ ቁጥርም ወለድና ቅጣት ሊከተለው ይችላል። መምህሩ ግን ደመወዙ እጁ ሳይገባ ግብሩ ስለተቆረጠ ግዴታውን ሁሉ እንደተወጣ አምኖ ይኖራል። ሁለቱም ቀጣሪዎች ስሙንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይዘው ያስታውቃሉ። መረጃው ያለው በመንግሥት እጅ ሆኖ ሳለ፣ ደምሮ ማሳወቅ የመንግሥት ሥራ መሆን ሲገባው ሸክሙ ለብቻው በሠራተኛው ላይ መጣሉ ፍትሐዊ አይደለም።

በዚህ ላይ ነጋዴው የሥራ ወጪውን ቀንሶ በትርፉ ላይ ግብር ሲከፍል፣ ደመወዝተኛው ገቢውን ለማግኘት ያወጣውን ወጪ እንዲቀንስ ሕጉ አይፈቅድለትም። ከፍተኛው የ35 በመቶ መጣኔ በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደ 14,000 ብር ብቻ ከፍ አለ። በዚያው ዘመን የእህሉና የኪራዩ ዋጋ የት እንደደረሰ ለከተማ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም። ሁለተኛ ሥራ የያዘ ሰው የኑሮ ደረጃው ሳይለወጥ በሒሳብ ብቻ የከፍተኛ ገቢ ባለቤት ተብሎ ይመደባል።

እኛ ግብር ይቅር አንልም። ያለ ግብር ሐኪም ቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ መንገድም የለም። ይቅርታ ቃል ገብቶ ድምፅ መለመን ሕዝብን መናቅ ነው። ፓርቲያችን የሚታገልለት ግብሩ በጊዜው፣ በልኩና ከፋዩ እያወቀው እንዲቆረጥ ነው። ስለሆነም ብትመርጡን፤

ሀ) ሠራተኛው ዋና ቀጣሪውን መርጦ እንዲያስመዘግብ፣ ነፃው መጠንና ዝቅተኞቹ መጣኔዎች በዚያ ብቻ እንዲታሰቡ፣ ሁለተኛው ቀጣሪም ግብር ሰብሳቢው በሚሰጠው መጣኔ እንዲቆርጥ እናደርጋለን፤

ለ) ግብር ሰብሳቢው በመለያ ቁጥሩ የተደመረውን ገቢና የተከፈለውን ግብር ለሠራተኛው በየጊዜው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ እናስገድዳለን፤

ሐ) ገቢውን ሳይደብቅ ባለማወቅ ልዩነት ለተጠራቀመበት ሠራተኛ፣ ዋናው ግብር ያለ ቅጣት በክፍያ ጊዜ ተከፋፍሎ የሚጠናቀቅበትን ሥርዓት እናወጣለን፤

መ) የግብር እርከኖቹ ከኑሮ ውድነቱ ጋር እየተገናዘቡ በየሁለት ዓመቱ ለምክር ቤት ቀርበው እንዲታዩ በሕግ እንደነግጋለን።

እስከዚያው ሁለት ሥራ ያላችሁ ሁሉ የሁለቱንም ደመወዝ መክፈያ ሰነድ አስቀምጡ፤ ገቢያችሁን ደምራችሁ አስሉ፤ ልዩነት ካለ ከወር ወጪያችሁ ለይታችሁ ያዙ፤ በአካባቢያችሁ ያለውን የግብር ቢሮም በጽሑፍ ጠይቁ። ለሚጠይቃችሁ ዕጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ይህን ሒሳብ አቅርቡለት፤ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ይንገራችሁ።

ሌሊትና ቀን የሚሠራ ሕዝብ ዕዳውን ከሚጠይቀው መንግሥት ሒሳቡን የመጠየቅ መብት አለው። ድምፃችሁን ስትሰጡ ይህን መብት አስቡ።