ፖለቲካን ወደ ሜዳ ያስገባው ማን ነው?

አንድ የአንበሳሜ ወዳጄ፣ «በ1976 (እ.ኤ.አ.) ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ መቅረታችን የምሩፅ ይፍጠርን ወርቅ አሳጣን፤ ስፖርትና ፖለቲካ ምን አገናኛቸው?» ይላል። ቁጭቱ ይገባኛል፤ ፍርዱ ግን የተገላበጠ ነው። ገና በ1957 ለካርቱሙ የመጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫ ጥቁሩንና ነጩን በአንድ ቡድን አላሰልፍም ያለችው የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ይድነቃቸው ተሰማና የአፍሪካ ባልደረቦቻቸው በሩን ዘጉባት፤ ኢትዮጵያም ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ አለፈች። (በግብፅ 4 ለ 0 መረታታችን ሌላ ጉዳይ ነው።) የራግቢ ቡድኗን ወደዚያችው አገር ከላከችው ኒውዚላንድ ጎን ሞንትሪያል ላይ መሰለፍ ለዘር መድልዎ ማጨብጨብ አልነበረምን? ምሩፅ ከባድ ዋጋ ከፍሏል፤ ዕዳው ግን የመድልዎው አራማጆች ነው። በ1992 ባርሴሎና ላይ የ10,000 ሜትር አሸናፊዋ ደራርቱ ቱሉና ሁለተኛ የወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ወዳጄ የት ነበር?