ስለ መልመጃ ሚዛን

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመው የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍን ከሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶቻችን አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ይህን ጥበብ ለአምስት ሚሊዮን ሰዎች ለማስተማር ሥራ ጀመረ። ነገር ግን ተማሪው ሲበዛ አንድ ችግር አብሮ ይበዛል፤ ይኸውም የመልመጃው ሚዛን ነው።

መምህሩ ለሁሉ አንድ ጥያቄ ቢሰጥ አንዱ ይሠራል፥ ሌላው ይገለብጣል። ለየአንዳንዱ ልዩ ልዩ ጥያቄ ቢሰጥ ደግሞ ለአንዱ ቀላል፥ ለሌላው ከባድ ይደርሰውና ፍርድ ይጓደላል። ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቍጥሮች መደመርና ከ100 ቍጥሮች ትልቁን መፈለግ እኩል ይመስላሉ፤ ሁለቱም አንድን ትእዛዝ በመደጋገም የሚሠሩ ናቸውና። ሆኖም ሁለተኛው ማወዳደርን ስለሚጨምር ለጀማሪ ይከብዳል።

ነገሩ ለሊቃውንቶቻችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ መምህር ጀማሪውን ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና አስነሥቶ እንደ ችሎታው ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ያደርሰዋል። እርሱ ግን ደቀ መዛሙርቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ መቶዎችን የሚያስተምር መምህር ይህን ለማድረግ አይችልም። ስለዚህ በሌላው ዓለም ምርጫውን ለኮምፒዩተር ሰጡት። የዴንማርክ የሒሳብ ሊቅ ጌኦርግ ራሽ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የጥያቄው ክብደትና የተማሪው ችሎታ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ እንደሚችሉ አሳይቷል። በዚህ መንገድ ኮምፒዩተሩ ስንቱ እንደ መለሰ፥ ስንቱ እንደ ሳተ ከመዝገብ አይቶ ክብደታቸው የተቀራረበውን ጥያቄዎች ይመርጣል።

ነገር ግን ሚዛኑ የሚታመነው መዝገቡ ሲታመን ነው። የተገለበጠ መልስ ከገባበት ከባዱ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። በውጭ አገር ተማሪዎች የተመዘነውም ኮምፒዩተር ሳይነካ አዳማ ለደረሰ የመቂ ወይም የሻሸመኔ ልጅ ልክ ላይሆን ይችላል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂው ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ተደርጓል። ዓመቱን ሙሉ ቀላሉ ብቻ የደረሰው ተማሪ ጕድለቱን በዚያ ቀን ቢያውቀው ምን ይጠቅመዋል? እንግዲህ የትምህርት ሹማምንት የገዛ ተማሪዎቻችንን የሥራ መዝገብ በጥንቃቄ ያስጠብቁ፤ ኮምፒዩተሩ ይምረጥ፥ መምህሩም ይመርምር። ሚዛን ሳይስተካከል የሚሰጥ ፍርድ ትጉሁንና ሰነፉን አይለይምና።