ነፃ የሕግ መረጃ ምንጮችና የአማርኛው ሕግ፦ ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አንጻር

በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር የጋራ ሀብት ነው። ለድኅረ ምረቃ ጥናቱ ከዚያ ቅጠል፣ ዘር ወይም ሥር የሚሰበስብ ተማሪ ከመቀሱና ከማስታወሻ ደብተሩ ሌላ አንድ ነገር ያስፈልገዋል፤ እርሱም የሚገዛውን ሕግ ማወቅ ነው። ሕጉን ለማንበብ የሚከፈልበት የመረጃ ቋት አያሻውም። ይሁንና ያለ ክፍያ የተቀመጠ ሕግ ሁሉ በቀላሉ ተፈልጎ ይገኛል ማለት አይደለም፤ ፍለጋው በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርካቦት አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል። ማስፈጸሚያውም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 169/2002 ነው። አዋጁ ለአገር ውስጥ የመንግሥት የምርምርና የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት፣ ጥናቱ በአገር ውስጥ እስከተካሄደ ድረስ፣ ቀለል ያለ የተለየ ፈቃድ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ክልከላውን ያላወቀ ተማሪ ናሙናውን ወስዶ፣ ጥናቱን ጨርሶ፣ በመጨረሻ የፈቃድ ማስረጃ ሲጠየቅ ባዶ እጁን ይቆማል። ክልከላውን አውቆ የተለየውን ፈቃድ ያላወቀው ደግሞ የማይጠበቅበትን ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ወይም ርእሱን ይቀይራል።

ሁለቱም ስሕተቶች ያለ ምንም ወጪ ሊቀሩ ይችላሉ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚያስተዳድረው ፋኦሌክስ የግብርናና የተፈጥሮ ሀብት ሕጎችን ከአጭር መግለጫ ጋር በነፃ ያቀርባል፤ የኢትዮጵያም ሕጎች በውስጡ ይገኛሉ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የናጎያ ፕሮቶኮልም የራሱ ክፍት የመረጃ ልውውጥ ቋት አለው። በአገር ቤት አቢሲኒያ ሎውና ቺሎት የተባሉት ድረ ገጾች አዋጆችንና ደንቦችን ለዓመታት ሲያሰባስቡ ኖረዋል። የሰበር ሰሚ ችሎት አስገዳጅ ውሳኔዎችም በቅጽ በቅጽ በኢንተርኔት ይነበባሉ። የውጭዎቹ ውድ የመረጃ ቋቶች በዋነኛነት የተሠሩት ለየራሳቸው አገር ሕግና ጠበቃ በመሆኑ፣ ለጉለሌ ጥያቄ በእነርሱ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ብዙ አያዋጣም።

ዋናው ችግር ያለው በጽሑፉ አቀማመጥ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የአማርኛው ይጸናል። በኢንተርኔት የሚገኙት አብዛኞቹ የጋዜጣው ቅጂዎች ግን ወረቀቱ በስካነር ተነሥቶ የተቀመጡ ምስሎች ናቸው። ማሽኑ የእንግሊዝኛውን ዓምድ ከሞላ ጎደል ያነብባል፤ የአማርኛውን ግን ወይ ያልፈዋል፣ ወይ አበላሽቶ ያነብበዋል። ስለዚህ ተመራማሪው የሚያገኘውና የሚጠቅሰው በክርክር ጊዜ የሚረታውን ዓምድ ይሆናል።

ምስሉ ወደ ጽሑፍ ቢለወጥ እንኳ የፊደሉ ነገር ይቀራል። የማዕከሉ ስም ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እጽዋት፣ እፅዋት፣ ዕጽዋት፣ ዕፅዋት ተብሎ ይጻፋል። ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፤ ፊደላቱን እንዲያመሳስል ላልተሠራ የፍለጋ መሣሪያ ግን አራት ነው። የሕጉ ቋንቋም የራሱ እንቅፋት አለው። «ናሙና ለመውሰድ ፈቃድ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ አዋጁ የመረጠው ቃል «አርካቦት» መሆኑን በምን ያውቃል? ቃሉን የሚያውቁት ሕጉን አስቀድመው ያነበቡት ናቸው።

ሌላው አደጋ የተሻረ ሕግ ነው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 542/1999 በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተተክቷል። የቀድሞው ግን ዛሬም በየድረ ገጹ እንደ ሕያው ሕግ ይወርዳል፤ በግንባሩ ላይ «ተሽሯል» የሚል ምልክት የሚያኖርለት ጥቂት ነው። ፋኦሌክስ ማሻሻያዎችንና ሽሮችን ለማያያዝ ይጥራል፤ ቢሆንም የመጨረሻውን አዋጅ የመሻሪያ አንቀጽ ራስ ከማንበብ አያድንም። የሌለ አንቀጽ በልበ ሙሉነት ሊጠቅሱ በሚችሉት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መልስ ሰጪዎች ላይ መደገፍ ደግሞ ለዲግሪ ጽሑፍ የሚመከር አይደለም።

ነጋሪት ጋዜጣው በቤተ መጻሕፍት ተጠርዞ ስላለ ይህ ሁሉ አያሳስብም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ጥራዙ የሚጠቅመው ግን የአዋጁን ቁጥር ይዞ ለመጣ ሰው ነው፤ የእጽዋት ሳይንስ ተማሪ የሚመጣው ጥያቄ ይዞ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የማዕከሉ ሁለት ባለቤቶች አንደኛው ሕግ አውጪ ነው፤ ሌላኛው የሕግ ትምህርት ቤትና የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተማሪዎች አሉት። የማዕከሉ ማቋቋሚያ አዋጅ፣ የአርካቦት አዋጁና ደንቡ፣ የደን አዋጁ፤ እነዚህ አራት ሰነዶች በዩኒኮድ አማርኛ ተጽፈው፣ ፊደላትን በሚያመሳስል ፍለጋ ታግዘው፣ የተሻሻሉበትና የተሻሩበት ቀን ከጎናቸው ተመልክቶ በማዕከሉ ድረ ገጽ ላይ ቢቀመጡ ሥራው ከአንድ ሴሚስተር ፕሮጀክት አይበልጥም። የፈቃድ ማመልከቻ ቅጹም እዚያው ቢያያዝ ተማሪው ከተራራው ሳይወርድ መጀመር ይችላል።