«ሮቤ» ስንት ፊደል ነው?

በትምህርት ክፍላችን «እኔ ማሽን ላይ ይሠራል» የሚባል መልስ ተለምዷል። ይሠራል፤ ግን ምን እያለ? «ሮቤ» የሚለውን ቃል ርዝመት ኦክን እንጠይቀው። ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 ከሆነ ጋውክ 2 ይላል። በኡቡንቱ ለዓመታት አብሮ ሲመጣ የኖረው ማውክ 1.3.4 ግን 6 ነው የሚለው። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ባይት። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው ፊደላችን ደግሞ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ጋውክም ቢሆን ቅንብሩ «ሲ» ከሆነ 6 ይላል።

በእንግሊዝኛ ወይም በቁቤ ብቻ የሞከረ ሰው ይህን አያየውም፤ እዚያ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው። አማርኛው ላይ ሲደርስ ግን አንዳች የስህተት መልእክት ሳይወጣ ቁጥሩ ይዛባል፣ ፊደሉም ከመሀል ይቆረጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሠንጠረዥ በዚህ ቢበላሽ ማን ይነቃበታል?

«አዲሱን መጫን ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የላብራቶሪ ማሽን ሁሉ እኩል አይታደስም፤ የነ ከርኒሃን ኦክ እንኳ ዩቲኤፍ-8ን የያዘው በ2023ቱ ሁለተኛ እትም ነው። ስለዚህ የሚቀርብ ስክሪፕት ሁሉ የመሣሪያው ስም፣ ቨርዥንና ቅንብር አናቱ ላይ ይጻፍበት። ሥራ ከመጀመሩ በፊትም «ሮቤ» 2 መሆኑን ይፈትሽ፤ ካልሆነ እዚያው ይቁም። የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ከመመረቅ፣ የቆመ ስክሪፕት ይሻላል።