9ኛ ክፍል የት ይማር? የወረኢሉና የአካባቢው ቤተሰቦች የክረምት ጥያቄ

ነሐሴ ሲገባደድ በወረኢሉ፣ በጃማ፣ በለጋምቦና በቦረና የደጋ ቀበሌዎች የአርሶ አደሩ ሐሳብ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በማሳ ላይ ያለው ስንዴና ባቄላ ነው። ሁለተኛው የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን ያለፈው ልጅ ነው። ልጁ በቅርብ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመዝገብ? ወደ ወረኢሉ ወይም ወደ መካነ ሰላም ከተማ ይግባ? ወይስ ዘመድ ተፈልጎ ደሴ ይላክ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የቤተሰቡን ጥሪትና የልጁን ቀጣይ አራት ዓመታት የሚወስን ነው።

የዘንድሮ ወላጅ የሚወስነው ውሳኔ ከቀድሞው ይከብዳል። ቀደም ሲል ተማሪው 9ኛንና 10ኛን በቅርቡ ተምሮ፣ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ሲያልፍ ወደ መሰናዶ ይሸጋገር ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ በመካከል ትምህርት ቤት የሚመርጥበት ሁለተኛ ዕድል ነበረው። አሁን ግን የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው አንድ እርከን ሆኗል። የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ክፍፍልም የሚጀምረው 11ኛ ክፍል ላይ ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ለመግባት ዋናው መስፈርት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን ማለፍ ነው። ማለፊያውን ነጥብ የሚወስነው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪው እንደ ደንቡ የሚመዘገበው ለመኖሪያው በሚቀርበው ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ የሚፈልግ በተቀባዩ ትምህርት ቤት ቦታ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ግን ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ጥቂት ተማሪዎች በተጨማሪ ፈተና አወዳድረው ይቀበላሉ። በማንኛውም ምዝገባ የፈተና ውጤት ማስረጃና የመልቀቂያ ደብዳቤ አስፈላጊ በመሆናቸው፣ በሰነዶቹ ላይ የስምና የዕድሜ ልዩነት ካለ ከምዝገባ በፊት ማስታረም ይገባል። በ8ኛ ክፍል ያልታረመ ስም በ12ኛ ክፍል ችግር ሆኖ ይመጣል።

ወላጆችን ከቅርብ ትምህርት ቤት የሚያሸሻቸው ሥጋት መሠረት አለው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ፣ በሀገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5 ነጥብ 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ተማሪ ካስፈተኑ 3 ሺህ 106 ትምህርት ቤቶች መካከል 1 ሺህ 328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ሆኖም ይህ ቁጥር ከተማ የተላከ ልጅ ሁሉ ያልፋል ማለት አይደለም። ጎበዝ ተማሪዎችን መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ውጤቱ ከፍ ማለቱ አያስገርምም። ያገኘውን ሁሉ ተቀብሎ ጥቂቶችን ያሳለፈ የወረዳ ትምህርት ቤት የበለጠ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ሰምቶ ልጅን ማራቅ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።

የወጪው ጉዳይም ከግብርናው የዘመን አቆጣጠር ጋር ይጋጫል። ምዝገባ የሚከናወነው ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት ሲሆን፣ የመኸሩ ሰብል የሚሰበሰበው ከኅዳር ጀምሮ ነው። የቤት ኪራይ፣ ስንቅ፣ ደብተርና የትራንስፖርት ገንዘብ ግን መስከረምን አይጠብቁም። ለዚህም በግና ዶሮ ያለው ቤተሰብ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ገበያ አስቦ ማቆየቱ፣ ባልደረሰ እህል ላይ ከመበደር ያድነዋል። በአጨዳ ወቅት ልጅን ከክፍል አስቀርቶ ማሳ ላይ ማዋልም የኪራዩን ገንዘብ በከንቱ ማፍሰስ ነው።

ተከራይታ ለምትማር ሴት ልጅ ደግሞ ጥንቃቄው ይበረታል። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል? አብረዋት የሚኖሩት እነማን ናቸው? ስንቅ ለመቀበል ስንት ሰዓት ብቻዋን ትጓዛለች? ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ፣ በቅርብ ተምራ ማታ እቤቷ የምታጠናው ልጅ የተሻለ ዕድል ይኖራታል።

ወላጅ ከመወሰኑ በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ለሒሳብ፣ ለእንግሊዝኛና ለፊዚክስ መምህር ተመድቧል? መጽሐፉ ለስንት ተማሪ አንድ ይደርሳል? ቤተ ሙከራውና ኮምፒውተሮቹ በእርግጥ ይሠራሉ? ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች በመስተጓጎላቸው፣ ያመለጠው ትምህርት እንዴት እንደተካካሰ መጠየቅም ተገቢ ነው።

እነዚህን መልሶች ፍለጋ አርሶ አደሩ ከቢሮ ቢሮ ሊንከራተት አይገባም። የየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የመምህራን ብዛትና የፈተና ውጤት በሐምሌ ወር በየቀበሌው ቢለጥፉ፣ ቤተሰብ በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ይመርጣል። ውጤቱ በአደባባይ የሚነበብ ትምህርት ቤትም ጉድለቱን ለማረም ይተጋል። ልጁን ማራቅ ለማይችለው ብዙኃኑ አርሶ አደር ዘላቂው መፍትሔ፣ የደጃፉ ትምህርት ቤት ተመራጭ ሆኖ መገኘቱ ነውና።