ደቡብ ዋልታ ምናችን ነው?

እጩ መምህራን ሆይ! ቢዮ አዋሌ ለማስተማር ልምምድ ወጥቼ ሳለ፣ አንድ ልጅ «መምህር፣ ያ የበረዶ አገር የማነው?» ቢለኝ መልስ አጣሁ።

ሰባት አገሮች «የእኛ ነው» ይላሉ። ዳሩ ግን 12 መንግሥታት በ1959 እ.ኤ.አ. በፈረሙት የአንታርክቲካ ውል ይህ ጥያቄ ሳይጸድቅም ሳይሻርም ባለበት ቆመ፤ የጦር ሠፈርና የኒውክሊየር ፍንዳታም ተከለከለ። የ1991ዱ የማድሪድ ፕሮቶኮል ማዕድን ማውጣትን አገደ። በ1959 ከአፍሪካ የፈረመችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች፤ ያውም በአፓርታይድ ዘመን!

ኢትዮጵያ እስካሁን የለችበትም። እኔ ትግባ ባይ ነኝ። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ከፍ ሲል የሚነካው የጅቡቲን ወደብ ነው፤ ድሬዳዋ ደግሞ ኑሮዋ ከዚያ ወደብ ጋር የተያያዘ ነው። እርግጥ ውሉ ሙቀቱን አይመልስም። ቁም ነገር ያለው ምርምር እዚያ ያላካሄደ አገርም በውሳኔ ድምፅ የለውም። ቢሆንም ገብቶ ቁጭ ብሎ መስማት ቀላል ነገር ነው እንዴ?