ባለቤትና ደባል
ሊኑክስ በዊንዶውስ ቤት

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ጉዳይ ወደ ድሬዳዋ ወርደን ሳለ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤት ተከራይተው ከሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ አመሸን። ቀን ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ገና አልበረደምና ኮምፒዩተሩን ወደ በረንዳ አውጥተውት ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ዊንዶውስ በተጫነበት በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የሊኑክስ ፕሮግራም ከፈተ፤ መስኮቱንም ከዊንዶውስ ሰነድ ጎን አስተካክሎ አስቀመጠው። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሁለቱን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ይላል። እውነቱ ግን አንዱ ባለቤት፣ ሌላው ደባል ነው። ይህን ጽሑፍ ያስነሣን፣ «ደባሉ እንዲህ ከተመቸው የራሱን ቤት ምን ያደርግለታል?» በሚለው ጥያቄ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት የቆየው ክርክር ነው።

ሊኑክስ ማንም ሰው በነፃ ሊወስደው፣ አሠራሩን ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የተፈቀደ ስርዓተ ክወና ነው። የኢንተርኔት አገልጋይ ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በእርሱ ስለሆነ፣ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተል ተማሪም ሆነ በመሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍል የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ከእርሱ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ቀድሞ በባለ ዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስን ለመጨመር የፈለገ ብዙውን ጊዜ ዲስኩን ለሁለት ይከፍል ነበር፤ በዚህ ሥራ እጁ የሳተ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ጭምር ሊያጣ ይችላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስተናግድ ክፍል ሲያወጣ፣ ለደባሉ የተፈቀደለት በጽሑፍ ትእዛዝ መነጋገር ብቻ ነበር። መስኮትና ሥዕል ለማየት የፈለገ ሰው ኤክስሚንግን ወይም ቪሲኤክስሰርቭን የመሰለ ተጨማሪ ፕሮግራም ከሌላ ወገን አምጥቶ መጫን ነበረበት። በ2019 እውነተኛው የሊኑክስ ከርነል ተጨመረ፤ በ2021 ደግሞ ደብሊውኤስኤልጂ የተባለው ሥዕላዊ ክፍል መጣና ደባሉ መስኮት ተከፈተለት።

አሠራሩ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። የሊኑክሱ ፕሮግራም የሠራውን ሥዕል ዌስተን የሚባል አሰናጅ ይቀበለዋል። ዌስተንም ሩቅ ያለ ኮምፒዩተርን ለማየት በተሠራው፣ አርዲፒ በሚባለው መንገድ ለዊንዶውስ ያሻግረዋል። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች በግድግዳ ማዶ ድምፃቸው እየተሰማ በስልክ እንደሚነጋገሩ ዐይነት ነው። ሆኖም ይሠራል፤ ተማሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሁለቱ የሥዕል ማሳያ ደንቦች ውድድር ነው። አንጋፋው ኤክስ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ1984 ተጀመረ፤ እስከ ዛሬ የምናውቀው ኤክስ 11 የወጣው በ1987 ነው። ታናሹ ዌይላንድ በ2008 በክርስቲያን ሆግስበርግ እጅ ተጀመረ። ኤክስ የተነደፈው ሰዎች በሚተማመኑበት የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ስለሆነ፣ አንዱ ፕሮግራም ሌላው ላይ የሚጻፈውን ፊደል ሁሉ ሊያደምጥ ይችላል። የባንክ ምስጢር ቁጥር የሚጽፍ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አንባቢ ይገምተው። ዌይላንድ ይህን በር ዘጋው። በሩ ሲዘጋ ግን በዚያው ይገቡ የነበሩ ደግ እንግዶችም ውጭ ቀሩ፤ ስክሪን የሚቀርጹና ፊደል የሚያስገቡ ፕሮግራሞች ሌላ መግቢያ እስኪሠራላቸው ብዙ ዓመት ጠበቁ። በመካከሉ የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል በ2013 ሚር የሚባል ሦስተኛ ደንብ አመጣና በ2017 ከዴስክቶፕ ውድድሩ ወጣ። በዚህም ብዙ ልፋት ባክኗል እንላለን።

ድሬዳዋ ይህን መሰሉን ነገር በባቡር አይታዋለች። በ1895 ዓ.ም. ከተማይቱ የደረሰው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር 1.435 ሜትር ነው። የአሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሽከረከርም፤ ጭነቱ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ መገልበጥ አለበት። ኤክስዌይላንድ የተባለው ፕሮግራም የሚሠራው ይህንኑ የማገላበጥ ሥራ ነው። ለኤክስ የተጻፈውን አሮጌ ፕሮግራም ተቀብሎ ወደ ዌይላንድ ያሻግራል፤ በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሊኑክስም አሮጌዎቹን ፕሮግራሞች የሚያሳየው በዚሁ ነው። በ2025 ኡቡንቱ 25.10 ሲወጣ የኖም ዴስክቶፕን በቀጥታ በኤክስ ማስነሣት ቀርቷል። እንግዲህ ፍርዱ ወደ ዌይላንድ አዘንብሏል ማለት ይቻላል።

ለእኛ ነገሩ የሚከብደው ፊደላችን ላይ ነው። የላቲን ፊደል አንድ ቁልፍ ሲነኩ አንድ ፊደል ይወጣል። በአማርኛ ግን ብዙውን ጊዜ «ሉ»ን ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ይነካል፤ ስለዚህ ንክኪዎቹን አገናኝቶ ፊደሉን የሚሠራ ፕሮግራም በመካከል መቀመጥ አለበት። ባለቤቱ ዊንዶውስ ለራሱ መስኮቶች እንዲህ ያለ ፕሮግራም አለው። ወደ ደባሉ መስኮት የሚሻገረው ግን የቁልፎቹ ንክኪ እንጂ የተገጣጠመው ፊደል አይደለም። በዚያ ምሽት የሊኑክሱ መስኮት ላይ «ድሬዳዋ» ብሎ የጀመረው ልጅ የላቲን ፊደል ወጣለት። መፍትሔው በሊኑክሱ ውስጥ ኢባስን የመሰለ የፊደል ማስገቢያና የአማርኛውን ሠንጠረዥ ለብቻ መጫን ነው፤ አቢሲኒካን የመሰለ የፊደል ቅርጽም እንዲሁ፣ አለዚያ በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥን ይደረደራል። ደግሞም በዌይላንድ ዘንድ የፊደል ማስገቢያው ስምምነት ከአንድ በላይ ዕትም አለው፤ አሰናጆቹ ሁሉ አንዱን ዕትም አልተቀበሉም። በአንዱ ዴስክቶፕ ላይ የሠራ በሌላው የሚሰናከለው አንዳንዴ በዚህ ሳቢያ ነው።

ይህን የሚያስተካክልልን ማን ነው? የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የገባው በራሱ እግር ሄዶ አይደለም። ከዚያ በፊት ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ፊደላችንን በላቲን ቁልፎች የሚጽፉበትን ሴራ የተባለ ሥርዓት ነድፈው ነበር፤ የሊኑክሱ የአማርኛ ሠንጠረዥ ዛሬም ስሙን የሚጠራው በእርሱ ነው። የዌይላንድም ስምምነት የሚረቀቀው በግልጽ ስለሆነ፣ ችግሩን በሚገባ መዝግቦ የሚያቀርብ የድሬዳዋ ተማሪ የሚከለክለው የለም።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። በበኩላችን ለመማር ለሚፈልግ ደባልነቱ ይበቃል እንላለን፤ ዲስክ ከመክፈል ስጋት ያድናልና። ነገር ግን ደባሉ በተለመደው አቀማመጡ ከባለቤቱ የማስታወሻ አቅም እስከ ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል። የሳቢያኑ ልጅ ኮምፒዩተር 4 ጊጋባይት ብቻ ስለነበረው ሁለቱም ቤተኞች ይተፋፈጉ ነበር። ጓደኛው ግን ያረጀች ኮምፒዩተሩን ሙሉ በሙሉ ለሊኑክስ ለቅቆለት፣ «የእኔስ ኪራይ አይከፍልም» እያለ ያሾፍበት ነበር። ስንሰነባበት ባለ ዊንዶውሱ የአማርኛውን ሠንጠረዥ በስልኩ ኢንተርኔት እያወረደ ነበር፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሷል።